ለልጄ ሚስት የመሰከርኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ያላገባ ነው አሉኝ። ዳዊትን። ልጄን።

ሰው ከሞተ በሦስተኛ ወሩ ወንደላጤ ይሆናል? ሚስቱ ሰናይት ጥቁር ለብሳ አጠገቤ ቆማለች። የዳዊት መሥሪያ ቤት ሰውዬ ፋይሉን ገለጠና የጋብቻ ሁኔታ፣ ያላገባ፣ ብሎ አነበበልን። እንደገና አንብበው አልኩት። እንደገና አነበበው። ድሮ ሲቀጠር የሞላው ፎርም ነው። ከዚያ ወዲህ አግብቷል፣ ወልዷል፣ አሥራ ሁለት ዓመት የከተማ ቧንቧ ጠግኗል፤ ያን ወረቀት ግን ተመልሶ አላየውም። የሰው ደጅ ውኃ ፈሰሰ ሲባል ከምሳው ይነሳል፣ የራሱን ጉዳይ ነገ ይላል። እንዲህ ነበር።

በእሱ የሚጦር ከሚለው ሥር ያለው ስም የእኔ ብቻ ነው። ተካ አበራ፣ አባት።

ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ወንበር ሰጥቶኛል። «አባባ፣ ከጡረታው የአባት ድርሻ አለዎት፤ እዚህ ላይ አሻራዎን ያድርጉና ይጀመርልዎት» ብሎ የቀለሙን ሳጥን ወደ እኔ ገፋው። እሷስ? አልኩት። የልጃቸው የሊዲያ ድርሻ በልደት ወረቀቷ ይሄዳል፣ የሚስት ግን ፍርድ ቤት ሚስቱ ናት ካላለ አይሆንም አለ። ትልቁ ድርሻ የሚስት ነው። የምንኖርበት ቤት ኪራይ በእሱ ነው የሚከፈለው። እሱ ካልመጣ ሰናይት ሊዲያን ይዛ ደሴ እናቷ ጋ ልትገባ ነው። አፍ አውጥታ አላለችም፤ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ስታወጣ አይቻለሁ።

ጣቴን ኪሴ ከተትኩና ተነሳሁ።

ከዚያው ፍርድ ቤት ሄዳ አመለከተች፤ ችሎቱ ለዓርብ ተቀጠረ። ሦስት ምስክር አምጪ ተብላለች። ወረቀትማ የላቸውም። ማዘጋጃ ቤት አልሄዱም፤ በሽማግሌ ተጋቡ፣ ድንኳን ተጣለ፣ ሕዝብ በላ፣ አለቀ። የእኛ ሰው ሽማግሌ ተቀምጦ ጎረቤት ጠግቦ ከሄደ ወረቀት ምን ይሠራል ይላል። ይኸው፣ የሚሠራውን አየን።

ሌላ ነገር። ሰውየው ባለፈው የመጡት መቼ ነበር ቢለኝ ቀኑ ጠፋኝ። አፈርኩ። እኔ ድንጋይ ስጠርብ፣ ግንብ ስገነባ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ፊደል አልቆጠርኩም። ስለዚህ ጎረቤቴን አስካለን ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ የምልሽን ጻፊልኝ አልኳት። ጡረታ እስክትወጣ ታይፕ ስትመታ የኖረች ሴት ናት። አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቄያታለሁ፦ እንዳታሳምሪው።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ምስክር ፍለጋ ዋልን።

ሽማግሌ ሆነው ሰናይትን የጠየቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ ሦስቱም የእድራችን አባላት። አንዱ ሞቷል። ሁለተኛው ሠፈራችን ካዛንቺስ ሲፈርስ ከልጁ ጋር ወደ ከተማው ዳር ሄዷል፤ ስልክ ብንደውል ልጁ አነሳና አባባ አሁን እኔንም አያውቀኝ አለን። የቀረው ሙደሲር ነው። ኦሎምፒያ ቀለምና ሚስማር ይሸጣል። ገና ከበሩ ሲያየኝ፣

«ተካ፣ አሁን መጣህ? ሠርጉ እኮ ካለቀ ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አለኝ።

ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ሰናይት ከኋላዬ ነበረች። ሙደሲር ወዲያው ፊቱ ተቀየረ፤ ተነስቶ እጇን ይዞ የሐዘኑን ሲነግራት ቆየ። ዓርብ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል።

አስካለ፣ ቀልዱ ምን እንደሆነ ጻፊው። በእኛ ወግ ሽማግሌ የሚልከው የወንዱ አባት ነው። እኔ አልላክሁም። አገር ቤት አብሮኝ ድንጋይ ሲጠርብ ላደገ ወዳጄ፣ ልጄን ለልጅህ ብዬ ቃል ሰጥቼ ነበር። ዳዊት ሰናይትን አመጣ። በማን ቃል አልኩት። በራሴ አለኝ። ከዚያ በኋላ ዐይኔ እያየ ሽማግሌ ከጎረቤት ለምኖ ላከ። የሠርጉ ለት እኔ አልሄድኩም። ድንኳኑ ከእኔ ሦስት በር ብቻ ነበር የሚርቀው።

ከሰዓት ጎተራ ሄድን፣ ኮንዶሚኒየም። የሠርጉን ወጥ የሠራችው ዘነበች አራተኛ ፎቅ ናት። ጉልበቴ ሁለተኛው ላይ እምቢ አለ፤ ሰናይት ክንዴን ያዘች። ልቀቂኝ አልኳት። አለቀቀችኝም። ዘነበች እመጣለሁ አለች። የስንት ሰው ወጥ እንደሠራች፣ ማን ሁለቴ እንደተነሳ ሁሉ ታስታውሳለች።

ሁለት ሆኑ። ሦስተኛ የለም። የሰናይት ዘመዶች አሉ፣ ግን የሥጋ ዘመድ ብቻ አታብዙ ብለዋታል። የካዛንቺስ ሰው እንደ ተደፋ ጤፍ ነው የተበተነው፣ ማንን ከየት እንልቀም።

እኔን አልጠየቀችኝም። ለምን እንዳልጠየቀችኝ ሁለታችንም እናውቃለን።


ረቡዕ፣ ኅዳር 3

የወንድሜ ልጅ ጌታቸው መጣ። ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ወሬው ደርሶታል።

ሰናይት መጋረጃው ወዲያ ልብስ ታጣጥፋለች። እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመክረኛል። ጋሼ፣ ይፈርሙ። ወረቀቱ እርስዎን ብቻ ካለ እርስዎ ነዎት። እሷ ወጣት ናት፣ ነገ ታገባለች። የዳዊት ላብ ለሌላ ወንድ ቤት ይሁን?

ስማ፣ አልኩት፣ ዳዊት ሆስፒታል ሦስት ቀን ሲተኛ አንተ የት ነበርክ? ሥራ በዝቶብኝ አለ። ታዲያ ዛሬ ማን አቃለለልህ? አልኩት። ጫማውን አደረገ። በሩ ጋ ሲደርስ «እርስዎ እኮ ራስዎ አልወደዷትም ነበር» አለኝ።

ዱላዬን አነሳሁ። ግን እውነት ነው የተናገረው። በእውነት ሰው አይመታም። አስቀመጥኩት።

ሰናይት መጋረጃውን ገለጠች። ሁሉን ሰምታለች። አላለቀሰችም። የዳዊትን ሸሚዝ ይዛለች፣ አሁንም እያጠበች ታጣጥፈዋለች፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። «አባባ፣ ካስፈለገ ይፈርሙ። ለሊዲያ ይድረስ እንጂ በማንም ስም ቢመጣ እኔ ምን ቸገረኝ» አለች።

ይህ ከጌታቸው ነገር ይልቅ ገደለኝ። ሳስበው ውዬ ማታ ራት ላይ መለስኩላት። እኔ ሰማንያ ልሞላ ነው፤ እኔ ስሞት በእኔ ስም የመጣው ከእኔ ጋር ይቀበራል፣ ያኔ ማንን ልትጠይቂ ነው አልኳት። አንቺ የእሱ ሚስት ነሽ፣ በሚስትነትሽ ትቀበያለሽ አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ከአፌ ሰምታ አታውቅም። እኔም ካልኩ በኋላ ነው የታወቀኝ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ሐሳቡ ጧት ፊቴን ስታጠብ መጣልኝ። የእድሩ መዝገብ።

አስካለ አታውቅም፣ ያኔ ሌላ ሠፈር ነበረች። እኔ ዕድሜ ልኬን የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ጎላ ድስት፣ ሁሉ ከእጄ ይወጣል፣ ወደ እጄ ይገባል። ጸሐፊው ይጽፋል፣ እኔ አሻራዬን አደርጋለሁ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ሠፈሩ ሲያሾፍብኝ ከመንግሥት ካዝና የተካ ዕቃ ቤት ይከብዳል ይሉ ነበር። አንድ ማንኪያ አልጠፋብኝም።

ሠፈሩ ሲፈርስ ዕቃው በአንድ ኮንቴነር ተጠቅልሎ ገባ። መዝገቦቹ ጸሐፊው ቤት ናቸው። ሄድን። ለሰናይት ለምን እንደምንሄድ አልነገርኳትም፣ ዝም ብላ ተከተለችኝ። ጸሐፊው አቧራውን በክርኑ እየጠረገ የዛሬ ዘጠኝ ዓመቱን ገጽ አወጣ። አነበበው፦

ለዳዊት ተካና ለሰናይት ወርቁ ሠርግ የወጣ። ድንኳን ትልቁ፣ አንድ። አግዳሚ፣ አሥራ ስምንት። ጎላ ድስት፣ ሁለት። ጣሳ፣ መቶ።

ከሥሩ አሻራ አለ። የእኔ ነው። ፊደል ባላነብም ጣቴን አውቀዋለሁ፤ አውራ ጣቴን ድሮ መዶሻ ሰንጥቆታል፣ መሀሉን ነጭ መስመር ያልፍበታል።

ሰናይት ጣቷን መስመሩ ላይ አስኬደች። «እርስዎ ነዎት ድንኳኑን ያወጡልን?» አለች። እኔ ስላኮረፍኩ የእድሩ ሊቀመንበር ያወጣው ይመስላት ነበር። የእድር ደንብ ነው፣ አባል ሠርግ አለኝ ካለ ዕቃ ይሰጠዋል፣ እኔ ስለተቆጣሁ አይከለከልም አልኳት። እሱ ነው እውነቱ። ፍቅር አልነበረም። ዳዊት ሊረከብ ሲመጣ ቀና ብዬ አላየሁትም። አግዳሚውን ቆጠርኩለት፣ ሄደ።

ጸሐፊው ይህችም አለች ብሎ ቀጣዩን መስመር ሊያነብ ሲል ተወው አልኩት። የሚያነበውን አውቀዋለሁ። ሲመለስ አንድ አግዳሚ እግሩ ተሰብሮ ነበር። እኔ ነኝ ያስመዘገብኩት። ገና ሙሽራ ሳለ፣ በማግሥቱ፣ ልጄን ለአንድ የአግዳሚ እግር አስቀጣሁት። ከፈለኝ። ይቅርታ አባባ ብሎ ከፈለኝ።

ይህን ጻፊው አስካለ። አትዝለዪው።

ግልባጩ ማኅተም ተደርጎበት ተሰጠን። ታክሲ ስንጠብቅ፣ ነገ ሦስተኛው ምስክር እኔ ነኝ አልኳት። «እርስዎ እኮ አልነበሩም» አለች። አውቃለሁ አልኩ።


ዓርብ፣ ኅዳር 5

ከጧቱ ሁለት ተኩል ደረስን። እስከ አምስት ሰዓት በረንዳ ላይ ቆየን። ሙደሲር ሊያስቀኝ ሞከረ፤ የተካ ሸሚዝ የተተኮሰው ለዚህ ነው ወይስ ዳግም ልታገባ ነው አለኝ። ዘነበች ቆሎ ይዛ መጥታ ለዘበኛውም አደለች። ሙደሲር ገባ፣ ወጣ። ዘነበች ገባች፣ ወጣች። ከዚያ እኔ።

ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት። የልጅ ልጄ ልትሆን ምንም አልቀራት። አስማለችኝ። ለአመልካች ምኗ ነዎት አለች፤ የባሏ አባት ነኝ አልኩ። በሠርጉ ላይ ነበሩ? አለችኝ።

«አልነበርኩም።»

ከወረቀቷ ቀና አለች። ታዲያ ሚስቱ መሆኗን እንዴት ያውቃሉ?

«ስለከለከልኩ ነው የማውቀው» አልኩ። «ያልነበረ ሠርግ ማን ይከለክላል? ልጄ ሽማግሌ ላክልኝ አለኝ፣ አልላክሁም። ና አለኝ፣ አልሄድኩም። ሦስት በር አልፌ መሄድ አቃተኝ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ሚስቱ ባትሆን ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት ከልጄ ጋር በምን ተኳረፍኩ?»

የምትጽፈዋ ልጅ መጻፏን አቆመች። ዳኛዋ ሌላም ጠየቀችኝ፤ አንድ ቤት ነበሩ ወይ፣ ተለያይተው ያውቃሉ ወይ። አንድ ቀን ተለይተው አያውቁም አልኩ። ቤቴ ፈርሶ መሄጃ ሳጣ ልጄ አይደለም ና ያለኝ፣ እሷ ናት፤ አልጋቸውን ለቀው መሬት ተኙልኝ አልኩ። ዳኛዋ ውኃ ይሰጣቸው አለች። አልፈልግም አልኩ። በችሎት ፊት ውኃ የምጠጣ ሰው አይደለሁም።

መጨረሻ ላይ፣ ድርሻውን በተመለከተ በእርስዎና በአመልካች መካከል ክርክር አለ? አለችኝ። የለም አልኩ። መዝገቡን አየች፣ አሻራዬን አየች፣ እጅዎን ያሳዩኝ ብላ እሱንም አየች። ውሳኔ ለሰኞ ተባለ።

ሰናይት እዚያው ተቀምጣ ሁሉን ሰምታለች። ከወጣን በኋላ ከሙደሲር ጋር እንኳ በእጇ ነው የተሰነባበተችው። ከፋት መሰለኝ። በሰው ፊት ማን እንዳልወደዳት መስማት ቀላል አይደለም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ቁስቋም። የጽጌ ጾም ተፈታ። ሰናይት ዶሮ አልሠራችም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ መቃብሩ ጋ ሄድን። ድንጋዩን ያነጠፉት ሰዎች አቀማመጡን አበላሽተውታል፣ በግራ በኩል ውኃ ይቋጥራል። ሁለቱን ነቅዬ እንደገና አስተካከልኳቸው። ለልጄ የማውቀው ሥራ ይህ ብቻ ነው።

ሰናይት ቆማ ታየኛለች። ከዚያ ተናገረች። ትላንት ያላለችውን።

«አባባ፣ የሠርጋችን ለት እህል አላስቀርብም ብሎ ነበር» አለች።

ማን? አልኳት።

«ዳዊት። አባቴ ሳይመጣ አይቆረስም አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት። እንግዳው ተራበ፣ ሽማግሌዎቹ ተቆጡት። እሱ ግን አባቴ አግዳሚ እየቆጠረ ነው፣ ይመጣል፣ እሱ ሳይቆጥር አይነሳም ይላል። ሁለቴ ወጥቶ የዕቃ ቤቱን በር አየው። ተዘግቶ ነበር።»

ከውስጥ ዘግቼው ነበር።

እኔም ያን ቀን አልበላሁም። ቢያንኳኳ እወጣ ነበር ይሆን? አላውቅም። አላንኳኳም። እሱም የእኔ ልጅ ነው፣ ኩራቱን ከየት ያመጣዋል። ሁለታችን በአንድ ሳንቃ ወዲህና ወዲያ ቆመን ነበር ማለት ነው።

እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። እንዳልነግርዎት አስምሎኝ ነበር አለች። ያዝናል ብሎ።

አስካለ፣ ትንሽ ቆዪ።

ቀጥዪ። ለምንድን ነው ያልወደዱኝ አለችኝ። አላወቅሁሽም ነበር እኮ፣ አልኳት፤ ያልወደድኩት ቃሌ መሰበሩን ነው። አንቺ መሀል ላይ ተገኘሽ። በቂ መልስ አይደለም። ሌላ ግን የለኝም፣ የሌለኝን አልሰጥም። ራሷን ነቀነቀች። ከመሬት ስነሳ እጇን ዘረጋችልኝ። ያዝኩት።


እሑድ፣ ኅዳር 7

የምለው የለኝም። ሊዲያ አባቷ ስንት ቀን ነው ሥራ የሚቆየው ብላ ጠየቀችኝ። ተነግሯታል፣ ግን ትጠይቃለች። ሰናይት መለሰችላት።

ነገ እምቢ ቢሉስ? ይግባኝ አለ ይላሉ። እኔ ይግባኝ የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም።


ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሚስቱ ናት አሉ።

ዳኛዋ ቶሎ ቶሎ ነው ያነበበችው፣ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ «ባልና ሚስት እንደነበሩ ተረጋግጧል» የሚለው ነው። ሰናይት በጆሮዋ ሰምታ ወደ እኔ ዞረች፣ ትክክል ሰማሁ ወይ ብላ። ትክክል ነው አልኳት። ሙደሲርን በስልክ ነገርነው። ድግሱ መቼ ነው አለ፣ ከዚያ አልሐምዱሊላህ አለ።

ያኔውኑ ግልባጩን ይዘን ቦሌ በኩል ወዳለው የዳዊት መሥሪያ ቤት ሄድን። ያ ሰውዬ ተቀበለን። ወረቀቱን አገላብጦ አየ፣ ጥሩ ነው አለ፣ ከፋይሉ ጋር ሰፋው። አሁን ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤት ይላካል፣ እዚያ ይመረመራል አለ። ስንት ጊዜ? አልኩት። አንድ ወርም ሁለት ወርም ሊሆን ይችላል፣ የጎደለ ነገር ካለ ይደውላሉ አለ። ይደውላሉ የሚለው ቃል አልጣመኝም። ግን አላጓራሁበትም። ለሰናይት የማመልከቻውን ፎርም ሰጣትና ሚስት በሚለው ቦታ ፈረመች። ከዚያ እኔ በአባት ቦታ አሻራዬን አደረግሁ፣ ከእሷ ፊርማ ቀጥሎ።

የሜክሲኮ ታክሲ ያዝን፣ እኛ ኦሎምፒያ ነው የምንወርደው። መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳት። ወሎ ሠፈር ሳንደርስ ራሷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ከነሐሴ ወዲህ ይህች ልጅ ስትተኛ አላየኋትም። ጧት ስነሳ ተነስታ ነው፣ ማታ ስተኛ ቁጭ ብላ ነው። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ያን ወረቀት ደረቷ ላይ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

ኦሎምፒያ ስንደርስ ወያላው «ወራጅ አለ?» አለ። እንደገና ጠየቀ። አየኝ፣ አየሁት። ታክሲው ሄደ።

ትከሻዬ ደንዝዟል። ሊዲያን ከትምህርት ቤት የሚቀበላት ሰው ይጠበቃል፣ ቤት ገና ምሳ አልተሠራም። ያም ሆኖ አልተንቀሳቀስኩም። ሜክሲኮ ድረስ ሄድን። ሰው ሁሉ ወረደ። ወያላው ተመልሶ መጥቶ፣

«ፋዘር፣ መጨረሻው እዚህ ነው» አለኝ።

ቀስ ብለህ ተናገር፣ ልጄ ተኝታለች አልኩት።